የግጥም ማኅበራችንን ወደ ማስቶዶን ለማዛወር ምክራችሁን እሻለሁ

በሐዋሳ የምንኖር አርባ ያህል የግጥም ወዳጆች ለስድስት ዓመታት ሥራዎቻችንን የተለዋወጥነው በአንድ ትልቅ የንግድ ማኅበራዊ መድረክ ላይ ነው። ባለፈው ወር ግን አንዲት እናታችን ስለ ሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች የጻፉት ግጥም በማስታወቂያ ተውጦ ሦስት አባላት ብቻ እንዳዩት ስረዳ፣ የምናነበውን ጽሑፍ ማሽን የማይመርጥልን ቤት ያስፈልገናል ብዬ ቆረጥሁ።

ማስቶዶን የተባለውን ማኅበራዊ መድረክ ያሰብሁት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚገኝ፣ የምንከተላቸውን ሰዎች ጽሑፍ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳይና አንዱ ሰርቨር (መድረኩን የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ከሌላው ጋር አክቲቪቲፐብ በተባለ የጋራ የመገናኛ ደንብ የሚነጋገር በመሆኑ ነው። የተቸገርሁት እዚህ ላይ ነው፦ የራሳችንን ሰርቨር ብናቆም ጥገናው፣ መጠባበቂያ ቅጂውና ወርኃዊ ኪራዩ በእኔ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ በሌሎች ሰርቨር ተጠግተን ኋላ ብንለቅ ደግሞ ተከታዮቻችን አብረውን ሲዛወሩ የጻፍነው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ይህም ለግጥም ማኅበር ቀላል ጉዳት አይደለም። በተለመደው አሠራር የአንድ ጽሑፍ ወሰን 500 ፊደል መሆኑም ረጅም ግጥም የሚጽፉትን አባላት ያሳስባል።

ይህን መንገድ የሄዳችሁበት ካላችሁ፣ ለአርባ ሰው የሚሆን ሰርቨር በሳምንት ስንት ሰዓት ሥራ እንደሚጠይቅና የቆየውን ጽሑፍ በምን ዘዴ እንዳተረፋችሁ ብትገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።