የቆዩ ፎቶግራፎችን በስልክ ሳነሳ የሚያስቸግረኝ ነጸብራቅ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። ወላጆቼ ጅሬን በሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ የተነሡትን ፎቶ በስልኬ ላስቀር ብሞክርም፣ የአልበሙ ላስቲክ ነጸብራቅ የእናቴን ፊት ይሸፍነዋል፤ ጠርዙም ይንጋደዳል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ፍላሹን ያጥፉ። ፎቶውን ከላስቲኩ አውጥተው፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ የክፍሉንም መብራት ያጥፉ። ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ካልሆነ ምስሉ ይንጋደዳል፤ ሌንሱ በጣም ሲጠጋም ጠርዙን ስለሚያጎብጠው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ በ2 እጥፍ አጉልቶ ማንሳት ይመረጣል። እኔ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ስልኬን በሁለት የመጻሕፍት ክምር ላይ አጋድሜ፣ በ3 ሰከንድ ቆጣሪ ነው የማነሣው።

ሌላ መልስ፦ በክረምቱ እርጥበት ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግን በግድ አይላጡት፤ ቀለሙ አብሮ ይነሣል። እንዲህ ያለውን እዚያው እንዳለ በጉግል ፎቶስካን ቢያነሡት፣ መተግበሪያው ከተለያየ አቅጣጫ የተነሡትን ምስሎች አዋሕዶ ነጸብራቁን ይቀንሰዋል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ የእናቴ ፊት አሁን ጥርት ብሏል። ለእህቴ በቴሌግራም ስልክላት ግን ደበዘዘ።

መልስ፦ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ ነው፤ እንደ ፋይል ይላኩላት።