ለቶዮታ 86 ጎማ ልቀይር ነው፤ ሐረጎን በክረምት የሚችል የቱ ነው?

ጠያቂው፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቶዮታ 86 ናት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2013 ሥሪት፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ በኋላ እግሯ የምትነዳ። አምና ከአጎቴ ልጅ ነው የገዛኋት። ለወሎ መንገድ እንዳልተሠራች አውቃለሁ፤ ምክር የምፈልገው በዚያ ላይ አይደለም።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ጠዋት ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ካፊያ እየጣለ ስመለስ፣ ከአንዱ መታጠፊያ ልወጣ ነዳጅ ጫን ሳደርግ የመኪናዋ ጀርባ ወደ ገደሉ በኩል ሸሸ። በመሪ መለስኳት፤ እጄ ግን ቤት እስክደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር። በእጅ ባትሪ ሳያቸው የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች መሀላቸው ሊሾ ሆኗል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ግን ጥርስ አላቸው። የፊቶቹ ይሻላሉ።

ልኩ 215/45/17 ነው። በዚህ ልክ ከተማው ውስጥ ያገኘሁት አንድ ሱቅ ብቻ ነው፤ ያለውም ሁለት ጎማ። ባለሱቁ «የ2017 ምርት ነው፣ ገና ትኩስ» አለኝ። ገንዘቤም ለጊዜው ለሁለት ብቻ ይበቃል። ልግዛቸው? ከገዛሁስ ከፊት ይግቡ ወይስ ከኋላ? ሰኔ ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ።

ባለ ቪትዝ፣ ከደሴ
ያቺ ቀይ መኪና ያንተ ናት ማለት ነው! ፒያሳ ላይ ልጆች ሲሯሯጡባት አይቻለሁ። ስለ ጎማ የማውቀው ሲተነፍስ ብቻ ስለሆነ ዝም ብዬ እከታተላለሁ።

ጎሚስታው፣ ከኮምቦልቻ
ገንዘብህን ከኪስህ አታውጣ። ተመልሰህ ሂድና የጎማውን ጎን ተመልከት፤ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ ታገኛለህ። እሱን ጻፍልኝ። ደግሞ ነፋስ ስንት ነው የምታስሞላው?

ጠያቂው፣ ከደሴ
3217 ይላል። ባለሱቁም ያሳየኝ 17ቷን ነው። ነፋስ 42 ፒ.ኤስ.አይ. ነው የማስሞላው፤ ስስ ጎማ ብዙ ነፋስ ካልያዘ ጉድጓድ ላይ ይቆረጣል ብለውኝ።

ጎሚስታው፣ ከኮምቦልቻ
እንግዲህ ስማ። ያ 17 የእኛ 2017 አይደለም። የጎማ ፋብሪካ መስከረምን አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንት ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ የፈረንጅ ዓመት። 3217 ማለት የፈረንጆቹ 2017፣ 32ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ሲመለስ ከነሐሴ 1 እስከ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ይውላል። ዘንድሮ ግንቦት 2018 ነው። ጎማው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለሱቁ አውቆ ያድርገው ሳያውቅ እኔ አልፈርድም፤ በዚህች ቁጥር የተሳሳተ ደንበኛ ግን ስንቱን አይቻለሁ። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያብለጨልጫል፤ ላስቲኩ ግን ደርቋል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም። ጎኑን በአውራ ጣትህ ጫን አድርገህ ጥርሱ ሥር ሥሩን ተመልከት፤ እንደ ሸክላ ምጣድ ስንጥቅጥቅ ካለ አትንካው።

ሁለተኛው፣ መሀሉን የበላው ራስህ ያስሞላኸው ነፋስ ነው። 42 ስታስሞላ ጎማው ይነፋና በመሀሉ ብቻ ይቆማል። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን አንብብ፤ የመኪናህን ልክ የሚነግርህ እሱ ነው።

ጠያቂው፣ ከደሴ
አሁን ወርጄ አየሁት፤ 2.4 ባር ይላል፣ ማለትም 35። በሩን በቀን አሥር ጊዜ እየከፈትኩ አንድም ቀን አላነበብኩትም። ጎማዎቹን ትቻቸዋለሁ። እና ሁለት አዲስ ባገኝ ከፊት ወይስ ከኋላ?

አንድ አባል፣ ከአዲስ አበባ
ከፊት። መሪውን የሚይዘው የፊት ጎማ ነው፤ ፍሬንም ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል።

ጡረተኛው ሾፌር፣ ከሐረጎ ሥር
የአዲስ አበባው ወንድሜ፣ አልስማማም። የፊቱ ሲያመልጥህ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነዳጅ ስትለቅ ይመለስልሃል። የኋላው ሲያመልጥ ግን ዞሮ ይጥልሃል፤ ያንን የሚመልስ እጅ ያለው ከመቶ አንድ ነው። ልጄ ማክሰኞ ዕለት ቀመሰው አይደል? የሚሻለው ጎማ ሁልጊዜ ከኋላ ይግባ፣ የፊት ነጂም ይሁን የኋላ ነጂ።

እኔ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ስነዳ ነው ያረጀሁት፤ ሐረጎን ስንት ጊዜ እንደወጣሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ከነሐሴ ዶፍ ይልቅ የምፈራው የግንቦቱን የመጀመሪያ ካፊያ ነበር። በጋውን ሙሉ ከባድ መኪና ያንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት አስፋልቱ ውስጥ ገብቶ ይቆይና፣ ካፊያ ሲነካው ወደ ላይ ይወጣል። ዶፉ ያጥበዋል፤ ካፊያው ግን ያሟሸዋል። ያን ጊዜ አዲስ ጎማም ቢሆን ነዳጅህን በቀስታ ነው። ስትወርድም በማርሽ ያዛት፣ ፍሬኑን ለጉሙ አቆይለት።

ጠያቂው፣ ከደሴ
እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ማክሰኞ የሆነውን እንዳዩኝ አድርገው ነው የተናገሩት።

ወሎዬው፣ ከዱባይ
እኔ እዚህ ይህችኑ መኪና አራት ዓመት ነድቻለሁ። ያቺ 17 ኢንች ከፋብሪካ ስትወጣ ሚሽሊን ፕራይመሲ ነበር የሚገባላት፤ ብዙም የማይቆነጥጥ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚመረጥ ጎማ። ስለዚህ የግድ የውድድር ጎማ ያስፈልጋታል የሚልህን አትስማ። ለስላሳው የውድድር ጎማ ሳይሞቅ አይዝም፤ ጦሳ ሥር በታኅሣሥ ማለዳ የሚያሞቅልህ የለም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ወደ 16 ኢንች እወርድ ነበር። የዚህችው መኪና ዝቅተኛ ደረጃ ከፋብሪካ የምትወጣው በ205/55/16 ነው። ያንተ ጎማ ጎኑ 9.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ የ16ቱ 11.3። ያቺ አንድ ሴንቲ ተኩል ከወልድያ መንገድ ጉድጓድና ከቸርኬህ መካከል የምትቆም ላስቲክ ናት። የሙሉ ጎማው ቁመት ልዩነት አንድ በመቶ ገደማ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያህን አያዛባም። ደግሞ ይህ ልክ ብዙ የቤት መኪና የሚጠቀምበት ስለሆነ እንደ ልብ ይገኛል፣ በዋጋም ይቀንሳል፤ አራቱንም መቀየር ትችል ይሆናል። 91 እና ቪ የሚል ምልክት ያለው ፈልግ፤ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል፣ ፍጥነቱም እስከ 240 ነው፤ መኪናህ ራሷ ከዚያ በታች ነው የምታበቃው።

ባለ ቪትዝ፣ ከደሴ
ጎረቤቴ የፕሪየስ ቸርኬ ይሸጣል፤ አምስት ቡሎን ነው። ያንተም አምስት አይደል?

ወሎዬው፣ ከዱባይ
ቡሎኑ ይገጥማል፤ የሁለቱም አምስት ቡሎን የሚያርፈው ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ነው። የመሀሉ ቀዳዳ ግን አይገባም፤ የፕሪየስ 54.1፣ የ86 እምብርት 56.1 ሚሊ ሜትር ነው። 86ን የገጣጠማት ሱባሩ ስለሆነ የአሮጌው ኢምፕሬዛ ቸርኬ ይሻላታል። ከመግዛትህ በፊት ባዶውን ቸርኬ ከፊት አስገብተህ በእጅህ አዙረው፤ የፍሬን ካሊፐሩን ከነካ ተወው።

መምህሩ፣ ከሐይቅ
ስለ ነፋሱ አንድ ነገር ልጨምር። ኮምቦልቻ ጠዋት 35 አስሞልተህ ደሴ ስትደርስ ብትለካ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ፤ አትደንግጥ፣ አታስተንፍሰውም። አንደኛ ዳገቱን ስትወጣ ጎማው ሞቋል። ሁለተኛ ደሴ ከኮምቦልቻ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ ከውጭ የሚጫነው አየር ይሳሳል፤ በዚህ ብቻ መለኪያው አንድ ያህል ይጨምራል። ከደሴ ወደ ሚሌ የምትወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል። ሁልጊዜ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነቃነቅ፣ በምታድርበት ከተማ መለካት ነው።

ጠያቂው፣ ከደሴ
ሆኗል። የኢምፕሬዛ ቸርኬ አራት አግኝቻለሁ፣ ዛሬ ከፊት ሞክሬው ካሊፐሩን አይነካም። አራት 205/55/16 ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣልኛል፤ ሻጩ የጎኑን ቁጥር በፎቶ ላከልኝ፣ 4425 ነው። ጥቅምት 2018፣ ዘንድሮ የተወለደ! ገንዘቡን እህቴ አበደረችኝ። ጎሚስታው፣ አንተ ዘንድ ላሰር?

ጎሚስታው፣ ከኮምቦልቻ
ቅዳሜ ጠዋት ና። በብረት የሚፈለቅቅ ዘንድ እንዳትሄድ፤ እኔ ዘንድ ማሽን አለ፣ ባላንስም እሠራለሁ። ጎማው ቀስት ካለበት ቀስቱ ወደ ፊት ነው የሚዞረው፤ አብረን እናየዋለን። ቡሎኑንም መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ መልሰን እናጠብቀዋለን። አሮጌዎቹንም ይዘሃቸው ና።

ባለ ቪትዝ፣ ከደሴ
አሮጌዎቹን ለምን?

ጎሚስታው፣ ከኮምቦልቻ
በረባሶ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ።