ያልተከፈቱ የድሮ ቤዝቦል ካርዶች፦ የዋጋው አካሄድ፣ የመርማሪዎችና የመሸጫ ቦታዎች ንጽጽር

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች በመጋዘን ጨረታ ላይ፣ ወይም የሟች ንብረት በሚሸጥበት ቤት ውስጥ፣ ያልተከፈተ የቤዝቦል ካርድ ሳጥን ሊያጋጥመን ይችላል። ቁጠባቸውን ከባንክ ውጭ ለማስቀመጥ የሚያስቡም ይህን ገበያ የሚመለከቱ አሉ። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛውን ልግዛ፣ ለማን ላስመርምር፣ የትስ ልሽጥ? ይህ ጥቆማ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በታተሙ እሽጎች ላይ ያተኩራል፤ መጠነኛ ገንዘብ ያለው ሰው አቅሙ የሚፈቅድለት በዚያ ዘመን ዕቃ ነውና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ በታመነ መርማሪ፣ ማለትም እሽጉ ተከፍቶ እንዳልታሸገ በሚያረጋግጥ ባለሙያ፣ እጅ ያላለፈ እሽግ የቱንም ያህል ቢረክስ መግዛት የለብዎትም።

ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። ያልተከፈተ ሳጥን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በውስጡ ሊኖር ለሚችለው አንድ ታላቅ ካርድ ነው፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ የአንድ ዝነኛ ተጫዋች የመጀመሪያ ዓመት ካርድ፣ ሰብሳቢዎች ሩኪ የሚሉት ነው። ቶፕስ የተባለው የካርድ አሳታሚ ኩባንያ በ1980 ያወጣው ሳጥን 36 ፓኬት ይይዛል፤ በእያንዳንዱ ፓኬት 15 ካርድ ስላለ ድምሩ 540 ይሆናል። የዓመቱ ሙሉ ስብስብ ግን 726 ካርድ በመሆኑ፣ የሪኪ ሄንደርሰን ሩኪ በአማካይ ለአንድ ሳጥን አንድ እንኳ አይደርስም። ካርዱ ቢገኝ እንኳ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ያደላ፣ ጥጉ የተጎዳ ወይም በፓኬቱ ውስጥ አብሮት የሚታሸገው ማስቲካ ያቆሸሸው ሊሆን ይችላል። ሌላው አሳታሚ ፍሊር በ1986 ባወጣው የቅርጫት ኳስ ሳጥን ላይ ሒሳቡ ሌላ መልክ አለው፤ 36 ፓኬት በ12 ካርድ ሲባዛ 432 ሲሆን ስብስቡ 132 ካርድ ብቻ ስለሆነ የማይክል ጆርዳን ካርድ በአንድ ሳጥን ውስጥ በአማካይ ሦስት ጊዜ ያህል ይወጣል። ይህ ሳጥን በዚያው ዐሥርት ዓመት የወጡትን የቤዝቦል ሳጥኖች በዋጋ ጥሎ የሄደው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው፤ የቤዝቦል ገዢዎችም የገበያውን ሙቀትና ቅዝቃዜ በእሱ ይለካሉ።

ሁለተኛው ጉልበት የአቅርቦቱ መመናመን ነው። አንድ ሳጥን በተከፈተ ቁጥር ከዓለም ላይ አንድ ሳጥን ይጎድላል፤ የሚተካውም የለም። ከ1950ዎቹ የተረፈው ያልተከፈተ እሽግ እጅግ ጥቂት የሆነበት ምክንያት ግን ሕፃናቱ ስለከፈቱት ብቻ አይደለም። የቶፕስ ባልደረባ የነበረው ሳይ በርገር ራሱ እንደተናገረው፣ ኩባንያው ሳይሸጥ የቀረውን የ1952 ካርድ በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጥሎታል። የሚኪ ማንትል ካርድ በዚያው ስብስብ ውስጥ ስለነበረ፣ በነሐሴ 2022 አንድ እጅግ የተጠበቀ ቅጂ በሄሪቴጅ ጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ብዙ ሰብሳቢዎች ያን የባሕር ጭነት በቁጭት አንሥተዋል።

ከ1981 በኋላ ያለው ታሪክ ተቃራኒው ነው። ቶፕስ ለረጅም ጊዜ ገበያውን ለብቻው ይዞ ከቆየ በኋላ፣ በ1980 የወጣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ለፍሊርና ለዶንረስ በር ከፈተላቸው። በዐሥርት ዓመቱ መጨረሻ ገደማ ካርድ ሀብት ያመጣል የሚል ወሬ በመንዛቱ ኩባንያዎቹ ያለ ልክ አተሙ፤ ሰዉም ሳጥኖቹን ሳይከፍት በየምድር ቤቱ ከመረ። በነሐሴ 1994 ተጫዋቾቹ የሥራ ማቆም አድማ መትተው የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ሲሰረዝ ብዙ ደጋፊ ተቀየመ፤ ቀድሞውኑ እየወረደ የነበረው ዋጋም ይበልጥ ወደቀ። ስለዚህ ከ1987 እስከ 1993 ያለውን የቶፕስ፣ የዶንረስና የፍሊር ሳጥን እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ አልመክርም። ለልጆች መዝናኛ ግን ከዚህ የሚሻል የለም፤ ሳጥኑ ርካሽ ነው፣ ቢከፍቱትም የሚያስቆጭ ነገር አይኖርም። በዚህ ዘመን ለየት የሚለው የ1989 የአፐር ዴክ ሳጥን ነው፤ የኬን ግሪፊ ጁኒየር ሩኪ የስብስቡ ቁጥር 1 ካርድ ስለሆነ ፈላጊ አያጣም። ይሁን እንጂ ፒ ኤስ ኤ የሚባለው ደረጃ ሰጪ ድርጅት ከዚህ ካርድ በከፍተኛው ደረጃ፣ በ10 ብቻ፣ ከአራት ሺህ በላይ ስለመዘገበ ብርቅ ነው ተብሎ ሲሸጥልዎ አይቀበሉ።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ማዕበል የ2020ው ነው። ሰው በወረርሽኙ ምክንያት ቤቱ ሲውል የካርድ ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ በጥር 2021 መጨረሻ በደረጃ 10 የተመዘገበ የጆርዳን የ1986 ካርድ በጎልዲን ጨረታ 738,000 ዶላር ተሸጠ። በመጋቢት ወር ፒ ኤስ ኤ የተከመረበትን ካርድ መርምሮ መጨረስ ስላቃተው አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቆመ። ያው ዓይነት የጆርዳን ካርድ ግን ዓመቱ ሳይገባደድ ከዚያ ዋጋ ግማሽ በታች ሲሸጥ ታየ። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ግልጽ ነው፤ በደረጃ የታሸገ ነጠላ ካርድ በፍጥነት ወጥቶ በፍጥነት ይወርዳል፣ ያልተከፈተው የድሮ ሳጥን ግን በቁጥር ጥቂት በመሆኑና ባለቤቶቹም ለመሸጥ ስለማይጣደፉ ወደ ላይም ወደ ታችም ዘግይቶ ይከተላል። ለትዕግሥተኛ ሰው ይህ መዘግየት ጥቅም አለው፤ የነጠላው ካርድ ዋጋ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ወራት ጠብቆ ሳጥኑን መጠየቅ ይቻላል። በየካቲት 2024 በካናዳ ሬጂና ከተማ ከአንድ ቤት የተገኘ ኦ ፒ ቺ የተባለው የካናዳ አሳታሚ የ1979–80 የሆኪ ካርድ ካርቶን፣ በውስጡ 16 ሳጥን እንደታሸገ፣ በሄሪቴጅ 3.72 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ገዢዎቹ ያሰሉት በውስጡ ከ25 በላይ የዌይን ግሬትዝኪ ሩኪ ይኖራል ብለው ነው። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ እንኳ ፋብሪካ እንዳሸገው ለቆየ ዕቃ ከፍተኛ ገንዘብ የሚከፍል ሰው እንደሚገኝ ይህ ሽያጭ አሳይቷል።

አሁን ወደ እሽጎቹ ዓይነት እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። በብዛት የሚገኘው ዋክስ የሚባለው፣ ሰም በተቀባ ወረቀት የተጠቀለለው ፓኬት ነው። ፋብሪካው ወረቀቱን ከጀርባ አጥፎ በሙቀት ያጣብቀው ስለነበር፣ አጭበርባሪ በጥንቃቄ ከፍቶ፣ ጥሩውን ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ካርድ ተክቶ መልሶ በካውያ ሊያጣብቀው ይችላል። ፓኬቱን ገልብጠው መታጠፊያውን በብርሃን ይዩት፤ ያልተነካው አንድ ወጥ የሆነ የሰም አሻራ ሲኖረው፣ ዳግም የታሸገው ድርብ መስመር፣ ከቦታው የሸሸ የሰም እድፍ ወይም በጫፉ ላይ የሳሳና የተላጠ ወረቀት ያሳያል። ከመታጠፊያው ጋር የሚነካካው ካርድ ላይ ሰም፣ ማስቲካው ያረፈበት ካርድ ላይ ደግሞ ቡናማ እድፍ መኖሩ የተለመደ ስለሆነ ያ በራሱ አያስደንግጥዎ። ሴሎ የሚባለው በሚያሳይ ስስ ላስቲክ የተጠቀለለ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ካርድ ይታያሉ። ራክ ደግሞ በሦስት ክፍል ተከፍሎ በመደብር የሚሰቀለው ነው። ታላቅ ሩኪ በግልጽ የሚታይበት ሴሎ ወይም ራክ ከሌላው ብዙ እጥፍ ያወጣል፤ ስለዚህም አጭበርባሪዎች ይበልጥ የሚለፉበት እሱ ነው። ቬንዲንግ የሚባለው ሳጥን 500 ካርድ ያለ ፓኬትና ያለ ማስቲካ የሚይዝ በመሆኑ ካርዱ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ ሳጥኑ ተራ ካርቶን ስለሆነ ግን ለመክፈትና ለመዝጋት እጅግ ይቀላል። ያለ መርማሪ ማረጋገጫ ቬንዲንግ ሳጥን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለዕድል ሰጥቷል።

ከመርማሪዎቹ መካከል ለሙሉ ሳጥን ገበያው በቀዳሚነት የሚያምነው በኢንዲያና ግዛት ያለውን ቤዝቦል ካርድ ኤክስቼንጅን ነው፤ በአጭሩ ቢ ቢ ሲ ኢ ይባላል። ሳጥኑን ፈትሾ በስሙ ምልክት ባለው ጥርት ያለ ላስቲክ ይጠቀልለዋል። ባለሙያዎቹ ፊት ከታሸገ ካርቶን የወጣ ሳጥን ሲሆን ይህንኑ የሚገልጽ ልዩ ምልክት ይጨምርበታል፤ እኔ በዋጋ ትንሽ ቢወደድም ይህን ምልክት የያዘውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ከሳጥኑ ውስጥ ማንም እጁን እንዳላስገባ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ እሱ ነው። ለነጠላ ፓኬት ደግሞ ፒ ኤስ ኤ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽጎ ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሰጠው ለሽያጭም ለማስቀመጥም ይመቻል። ቀድሞ ጂ ኤ አይ በሚባል፣ ዛሬ በሌለ ድርጅት የታሸጉ ፓኬቶችም በገበያ ላይ ይገኛሉ፤ ልምድ ያላቸው ገዢዎች በቅናሽ እንጂ በሙሉ ዋጋ አይወስዷቸውም፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

የመርማሪ ማረጋገጫም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አይደለም። ሎጋን ፖል የተባለው የዩቲዩብ ሰው የመጀመሪያ እትም የፖኬሞን ሳጥኖችን ይዟል የተባለ ካርቶን በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር። ካርቶኑን ቢ ቢ ሲ ኢ አይቶ አረጋግጦት የነበረ ቢሆንም በጥር 2022 ቺካጎ ላይ ሲከፈት ከውስጡ የጂ አይ ጆ ካርዶች ወጡ። ይህ ድርጅቱን ከዝርዝሬ አያስወጣውም፤ ዋናው ሙያው የሆነውን የድሮ ቤዝቦል ሳጥን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አላየሁምና። ነገር ግን ከመርማሪው ማኅተም በተጨማሪ ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ መጠየቅ ግዴታ መሆኑን ያሳያል።

የግዢና የሽያጭ ቦታን በተመለከተ፣ ለእኛ አካባቢ ሰው የምመክረው የመጀመሪያ ቦታ በሻንቲሊ ቨርጂኒያ በደለስ ኤክስፖ ማዕከል የሚካሄደው የካርድ ትርዒት ነው። ዕቃውን በእጅዎ ይዘው ያገላብጡታል፣ የብዙ ነጋዴዎችን ዋጋ በአንድ ቀን ያወዳድራሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ለሚከፍልም ነጋዴው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። መጀመሪያ ሲሄዱ ምንም ሳይገዙ ዞረው ዋጋ ብቻ ቢጽፉ ይጠቅምዎታል። ኢቤይ ለዋጋ ጥናት ተወዳዳሪ የለውም፤ የተጠየቀውን ዋጋ ትተው በትክክል የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ክፍል ይመልከቱ። ለሽያጭ ግን ከአሥር በመቶ በላይ ይቆርጣል፤ ያልተመረመረ ነጠላ ዋክስ ፓኬት ለመግዛትም ከሁሉ የከፋው ቦታ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ከአንድ ሳጥን ውስጥ ጥሩዎቹ ፓኬቶች ተለይተው ከወጡ በኋላ ቀሪው እዚያ የሚራገፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ውድ ዕቃ ያለው ሰው በዳላስ ያለውን ሄሪቴጅን ወይም በኒው ጀርሲ ያለውን ሮበርት ኤድዋርድ ኦክሽንስን ያነጋግር። ገዢው ለጨረታ ቤቱ ከተጫረተበት ዋጋ በላይ 20 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ የበለጠ ስለሚጨምር፣ ሲጫረቱ ይህን አስቀድመው ከአቅምዎ ላይ ይቀንሱ።

ቡድን ሆኖ ሳጥን በቀጥታ ስርጭት ማስከፈት፣ ማለትም ለአንድ ፓኬት ወይም ለአንድ ድርሻ ብቻ መክፈል፣ በጣም ተስፋፍቷል። የሁሉም ድርሻ ሲደመር ከሳጥኑ ዋጋ ስለሚበልጥ፣ ለደስታ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

በጥቂት መቶ ዶላር መጀመር ለሚፈልግ ሰው በፒ ኤስ ኤ የታሸገ የ1970ዎቹ መጨረሻ ወይም የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነጠላ ፓኬት፣ ሺዎች ላለው ደግሞ የቢ ቢ ሲ ኢ ምልክት ያለበት የ1983 ቶፕስ ሳጥን ምርጫዬ ነው፤ በዚያ ዓመት ቶኒ ግዊን፣ ዌድ ቦግስና ራይን ሳንድበርግ ሦስቱም ሩኪ ስላላቸው ዋጋው በአንድ ተጫዋች ስም ላይ ብቻ አይንጠለጠልም። የ1975 ቶፕስ፣ በተለይም በሚቺጋንና በምዕራብ ጠረፍ ለሙከራ የተሸጠው አነስተኛ መጠን ያለው እትም፣ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ነው፤ የጆርጅ ብሬትና የሮቢን ዮንት ሩኪዎች እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ይከብዳል።

ከገዙ በኋላ እርጥበት ባለው ምድር ቤትና በጋለ ጣሪያ ሥር አያስቀምጡት፤ ሰም ይቀልጣል፣ ማስቲካም ካርዱ ላይ ይጣበቃል። ደረሰኙንና የመርማሪውን ምልክት ፎቶ ለብቻ ያኑሩ፣ የቤት መድን ሰጪዎ እንዲህ ያለውን ስብስብ ይሸፍን እንደሆነም በጽሑፍ ይጠይቁ። ሲሸጡ ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ካርድን ከስብስብ ዕቃ ስለሚቆጥረው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ይዘው ባተረፉበት ላይ የፌዴራል ግብሩ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ከአክሲዮን ትርፍ ጣሪያ፣ ከ20 በመቶ፣ ይበልጣል። የግዢ ደረሰኝ የሌለው ሰው ደግሞ ያላተረፈውን ሁሉ እንዳተረፈ ተቆጥሮ ሊከፍል ይችላል።