ጣውላ ወለል ወይስ አየር ወለል? የጀልባው ግዥ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ጣና ላይ ለእምቦጭ ቅኝት የምንገዛትን የምትነፋ ጀልባ ዛሬ እንጨርስ፤ ፕሮፖዛሉ ዓርብ ይገባል። ሁለቱም አማራጮች 3 ሜትር፣ ሁለቱም ፒቪሲ (የፕላስቲክ ሸራ) ናቸው። የአንዷ ወለል ተገጣጣሚ ጣውላ ነው፣ የሌላዋ በአየር የሚነፋ። እኔ ለጣውላዋ ነኝ። ቆሞ በመንሽ እምቦጭ ለመጎተት ታመቻለች።

ጀልባ ነጂ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ቢሆን እስማማ ነበር። እኛ የምንወርደው ግን ደምቢያና ፎገራ በኩል ነው። በጋ ላይ ውሃው ይሸሽና ጭቃው ይቀራል። ባለፈው ዓመት የተዋስናትን ባለ ጣውላ ለአራት ተሸክመን ውሃው ጋ ስንደርስ፣ የእኔ አንድ እግር ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። እስካሁን አልወጣም። ከዚያ ደግሞ መገጣጠሙ አለ። በጣውላውና በሸራው መካከል አሸዋ ከገባ ሸራውን ቀስ እያለ ይሞርደዋል። አየር ወለሏ ወደ 15 ኪሎ ትቀላለች። በደንብ ከተነፋች ቆመውም ይሠሩባታል።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን የምታስፈራኝ ያቺ "በደንብ ከተነፋች" ናት። የጎኗ ቱቦ 0.25 ባር ገደማ የአየር ግፊት ይበቃዋል፤ ወለሏ ግን 0.7 አካባቢ ትፈልጋለች። ተራ የእግር ፓምፕ እዚያ አይደርስም። የዓሣ መንጠቆ ቢወጋትስ? የዛን ጊዜዋን ጀልባ ጎሚስታ ጋ አስለጥፈን ጠዋት ውሃ ላይ ልጣፏ እንደ ቴምብር ተላቀቀ፤ ረሳችሁት?

ጀልባ ነጂ፦ የጎማ ማስቲሽ ፒቪሲ አይዝም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ፒቪሲ የራሱ፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚሠራ ማጣበቂያ አለው። ፓምፑም ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለው ይሁን። ጠዋት በብርዱ ጥግ ድረስ ነፍተን ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታት አየሩ ስለሚያብጥ፣ ትንሽ መልቀቅ ያስፈልጋል። ሞተሩን ተዉት፤ እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ መቅዘፊያ ነው የሚያወጣን።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ተረታሁ። እንዲህ ጻፍኩት፦ "አንድ 3 ሜትር አየር ወለል ጀልባ፣ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ፣ የፒቪሲ ማጣበቂያና መለጠፊያ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ አራት ላይፍ ጃኬት። ከሥራ ውጪ ጥላ ውስጥ ትቀመጣለች። ጉማሬ ወደሚውልበት አትጠጋም።" የሚጨመር?

ገንዘብ ያዥ፦ ላይፍ ጃኬቱ ከጀልባው በጀት ነው ወይስ ለብቻው? እሱ ሳይለይ አልፈርምም።