የበገና መምህሩ ማታ ማታ ለልጆች ቴክስት ያደርጋል፤ ሰብሳቢው ደግሞ «በውስጥ እናጣራለን» አለኝ። ምን ላድርግ?

የቤዝመንቷ አስተማሪ (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን አልጻፍኩም፣ ይቅርታ። ሰፈራችንን ታውቁታላችሁ፣ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው።

በደብራችን የልጆች ክፍል አስተባባሪ ነኝ። እሑድ ቅዳሴ ሲቀደስ ወላጆች ላይ ናቸው፣ ልጆቹ ታች ቤዝመንት ከእኛ ጋር። አማርኛ፣ መዝሙር፣ ትንሽ ትንሽ ግእዝ እናስተምራለን። ቅዳሜ ደግሞ በገና አለ። በገናውን የሚያስተምረው ሰው ደብሩ ሁሉ የሚወደው ነው። ደመወዝ አይከፈለውም። ወላጅ ሥራ ሲይዘው ልጆቹን በራሱ መኪና ቤት ያደርሳል። እኛም «እግዚአብሔር ይስጥልን» እያልን ነው የኖርነው።

ሰሞኑን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከትምህርት በኋላ ወደኋላ ቀረችና ስልኳን ሰጠችኝ። ቻርጅ ጨርሶባት መስሎኝ ነበር። «ሚስ፣ ይሄ ኖርማል ነው?» አለችኝ። ከእሱ የተላኩ መልእክቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ። «ተኛሽ?» «ዛሬ ነጠላው አምሮብሻል።» «ከልጆቹ ሁሉ የምትገቢኝ አንቺ ብቻ ነሽ።» ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶላት ኖሮ፣ «ማሚ ከጠየቀችሽ ከጓደኛዬ ተውሼ ነው በያት» ይላል። እሱን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ግን የጨነቃት ሌላ ነገር ነው፦ «እኔን ይቆጡኛል?»

«ነክቶሻል ወይ» ብዬ አልጠየቅኳትም። እንዴት ተብሎ እንደሚጠየቅም አላውቅም።

ለሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ነገርኩ። በደንብ አዳመጠኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም። መጨረሻ ላይ ግን «በውስጥ እናጣራለን፣ አንቺ ለማንም እንዳትናገሪ፣ የሰው ስም ነው» አለኝ። አብሮት የነበረው ሌላው አባል ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ተረተብኝ። ከዚህ በፊት «ማንም አዋቂ ብቻውን ከልጅ ጋር አይሁን» የሚል ደንብ ጽፌ አቅርቤ ነበር። «አገልጋዮችን መጠርጠር ነው» ተብሎ ተመልሶልኛል።

እና ምን ላድርግ? ምንም ነገር ሳይፈጸም ሲፒኤስ (የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ) ይጠራል ወይ? ተሳስቼስ ከሆነ? ሰውየው ሚስትና ልጆች አሉት። ለእናትየዋስ ማን ይንገራት? ሁለት ሥራ የምትሮጥ ሴት ናት፣ እሱን እንደ ወንድሟ ነው የምታየው።

ሶሻል ወርከሯ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ሥራዬ ይሄው ነው፤ የሀበሻ ቤተሰቦች ጉዳይም በእጄ አልፏል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

«ምንም ሳይፈጸም» ያልሽውን አልቀበልሽም። አንድ ትልቅ ሰው የ13 ዓመት ልጅ ለእናቷ እንድትዋሽ አስተምሯታል። ይሄ ተፈጽሟል። እንዲህ ያለ ነገር ሲጀምር በእጅ አይጀምርም። በስጦታ፣ በመኪና ማድረስ፣ «አንቺ ብቻ ነሽ የምትገቢኝ» በማለት ነው የሚጀምረው። ከዚያ ትንሽ ምስጢር ይመጣል። ልጅቷ ትንሿን ምስጢር ከያዘች ትልቋንም ትይዛለች ተብሎ ይታሰባል። ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያላምደው ልጅቷን አይደለም፣ ወላጆቿንና ደብሩን ነው። ሰው ሁሉ ከወደደው ማን ያምናታል?

ሕጉን ልንገርሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ የመጠቆም ግዴታ ያለባቸው ሰዎች ዝርዝር አለ። መምህር፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ እኛ ሶሻል ወርከሮች። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2019 ጀምሮ የሃይማኖት አገልጋዮችም ገብተውበታል። ልጆችን በኃላፊነት የሚይዝ ድርጅት ውስጥ ያለ አዋቂም አለበት። ስለዚህ «እኔ አስተባባሪ እንጂ ቄስ አይደለሁም» ብለሽ ከዝርዝሩ እንዳትወጪ። መጠርጠር በቂ ነው፣ ማስረጃ አምጪ አይልሽም። ጊዜው 24 ሰዓት ነው። አልፎም ከሆነ ደውዪ። ሰብሳቢው «እኛ አለን» ስላለሽ ጉዳዩ የሚመለከተው ዘንድ ደረሰ ማለት አይደለም።

የቨርጂኒያው ስልክ 1-800-552-7096 ነው። ቀንና ሌሊት ይነሳል። እንግሊዝኛው ከከበደሽ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፦ ማን፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብሎ እንደጻፈ። ነገሩ የፖሊስ ከሆነ እነሱ ወደ ፖሊስ ይመሩታል። በቅን ልቦና የጠቆመን ሰው ሕጉ ይከላከልለታል፣ ተሳስቶ ቢገኝም። ሀበሻ ጋ ሁሌ የሚነሳው «የኢሚግሬሽን ወረቀት ይበላሻል» የሚለው ወሬ አያስቆምሽ። የሚጠይቁሽ ስለ ልጅቷ ደኅንነት ነው።

አሁን ደግሞ የማታደርጊው። ልጅቷን አትመርምሪያት። «ነክቶሻል?» አለማለትሽ ጥሩ ነው፣ ለዚያ የሠለጠኑ ሰዎች አሉ። ልጅ አሥር ሰው በአሥር ዓይነት ጥያቄ ካዋከባት ቃሏ ይዘበራረቃል፣ በኋላ ፍርድ ቤት ላይ የሚጎዳው ራሷን ነው። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» በያት። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ግን ቃል አትግቢላት። የነገረችሽን እንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ፣ ልክ እሷ እንዳለችው ጽፈሽ አስቀምጪ። ሰውየውን አታናግሪው። ሰብሳቢውም እንዳያናግረው ለምኚው። «እስቲ ወንድሜ፣ እንዲህ ይባላል» ተብሎ ቡና ላይ ከተጠየቀ፣ ማታውን መልእክቱ ሁሉ ጠፍቶ ያድራል። ልጅቷም ላይ ጫና ይመጣል።

ለእናትየዋ ንገሪያት፣ ዛሬ። ሥራ ላይ ሆና በስልክ አይሁን። ሂጂባት። ብዙ እናቶች መጀመሪያ የሚናደዱት በልጅቷ ነው፦ «ስልክ ምን ያደርግልሻል!» ብለው ይነጥቋታል። ያኔ ልጅቷ የተቀጣችው ስለተናገረች ይመስላታል፣ ሁለተኛ አትናገርም። ይሄንን ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት ለእናትየዋ ብቻዋን አስረጃት።

መምህር ነኝ (ሲያትል)

ይቅርታ፣ ሌላውንም ወገን እንስማ። እኔም ልጆች አስተምራለሁ። «ነጠላው አምሮብሻል» የሚለው እንደ አባት የተባለ ቢሆንስ? እንዲህ በየመልእክቱ ሲፒኤስ ከተጠራ አንድም ወንድ ቤዝመንት አይወርድም። ሴቶቹ ደግሞ ሁሉንም አይችሉም። በሐሜት ብቻ ስሙ ጠፍቶ ከተማ የለቀቀ ሰው አውቃለሁ። ደብሩ ሽማግሌ አለው፣ አባቶች አሉት፣ መጀመሪያ እነሱ ያጣሩ።

የለንደኗ

መምህር፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን ያ ወዳጅህን ያጠፋው ሐሜት ነው ያልከው። ሐሜት ደግሞ የሚነግሠው ደንብ በሌለበት ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የሰውን ልጅ «ተኛሽ» የሚል አባት እኔ አላውቅም።

«መጀመሪያ አባቶች ያጣሩ» ለሚለው፣ እኛ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። ጆን ስማይዝ የሚባል ጠበቃ ነበር፣ የክርስቲያን ወጣቶች ካምፕ ኃላፊ። ልጆችን ቤቱ ወስዶ ደም እስኪወጣቸው ይገርፋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ነገሩ ተጣርቶ በጽሑፍ ሪፖርት ተደርጓል። ያጣሩት መንፈሳዊ ሰዎች ናቸው። ለፖሊስ አልተነገረም። ሰውየው ዚምባብዌ ሄዶ እዚያም ካምፕ ከፈተ፣ ቀጥሎ ደቡብ አፍሪካ። ተጎጂዎቹ ከመቶ በላይ ናቸው። በ2018 ፍርድ ቤት ሳይቆም ሞተ። በኖቬምበር 2024 የነጻው አጣሪ ሪፖርት ሲወጣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ሥልጣን ለመልቀቅ ተገደዱ። እነሱም ዝም ያሉት ነገሩ ቢወጣ አገልግሎቱ ይጎዳል ብለው ነበር።

የእኛ ደብር አሁን ደንብ አለው። በቅድስናችን እንዳይመስላችሁ! አዳራሹን የምንከራየው ከእንግሊዞቹ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እነሱ ደግሞ የልጆች ጥበቃ ደንብ ሳታሳዩ ቁልፍ አንሰጥም አሉን። በሁለት ሳምንት ተጻፈ። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ስንለምን ነበር። ደንቡም ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት አዋቂዎች። በሩ ላይ መስታወት፣ ከሌለ በሩ ክፍት። ለልጅ በግል ቴክስት የለም፣ ወላጅ ባለበት ግሩፕ ብቻ። ወላጅ ሳይፈቅድ በመኪና ማድረስ የለም፣ ሲፈቅድም አንድ ልጅ ብቻውን አይሳፈርም። ለሁሉም አስተማሪ ዲቢኤስ (ከወንጀል መዝገብ የሚጣራበት ወረቀት) ይወጣል፣ ሊቀ ዲያቆኑም ጭምር። ግን በዲቢኤስ ብቻ አትተማመኑ። ወረቀቱ የሚይዘው ከዚህ በፊት የተያዘን ሰው ነው።

ሰብሳቢው እምቢ ካለሽ፣ እህቴ፣ ስለ ኢንሹራንስ አንሺበት። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ እንደሚሉኝ የቤተ ክርስቲያን ኢንሹራንስ ድርጅቶች ይህን ዓይነት ደንብ አላችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ስለ ልጅ ስትነግሪው ያላዳመጠ ስለ ኢንሹራንስ ሲሆን ይነቃል።

ቀሲስ (ዳላስ)

ልጄ፣ አባቶች ተብለን ስለተጠራን ልመልስ።

ዔሊ ካህኑ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ከሚያገለግሉት ሴቶች ጋር የሚሠሩትን ሰምቶ ነበር። ዝምም አላለም፣ ገሠጻቸው። «የምሰማው ወሬ መልካም አይደለም» አላቸው። ከዚያ ወደ አገልግሎታቸው ተመለሱ። እግዚአብሔር በዔሊ ቤት ላይ የፈረደው ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም፣ ሰምቶ ስላልከለከላቸው ነው። የእናንተም ሰብሳቢ ሰምቷል።

ስለ ንስሐ የሚነሳ ነገር አለና እሱንም ልበል። በየስቴቱ ይለያያል። የቨርጂኒያ ሕግ በንስሐ የተነገረን ለብቻው ያያል። እኔ ያለሁበት ቴክሳስ ግን ሁሉም ሰው የመጠቆም ግዴታ አለበት፣ ካህንንም አይለይም። ለእኔ ከባድ ነው፣ አልዋሽም። ነገር ግን የዚህች ልጅ ጉዳይ ንስሐ አይደለም። ልጅቷ ለአስተማሪዋ ስልክ አሳየች፣ አለቀ። ሰውየው ነገ መጥቶ አልቅሶ ንስሐ ቢገባም ደስ ይለኛል፣ ቀኖናውን እሰጠዋለሁ። ወደ ልጆች ክፍል ግን አይመለስም። ንስሐ የነፍስ መድኃኒት ነው፣ የቤዝመንት ቁልፍ አይደለም።

ስም አልሰጥም

እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። 11 ዓመቴ ነበር። መዝሙር የሚያስተምረን ሰው ነው። ለአክስቴ ስነግራት በጥፊ መታችኝ፣ «በእግዚአብሔር አገልጋይ ላይ!» አለችኝ። አልፈርድባትም፣ እሷም የሰማችውን ነው ያወረሰችኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም፣ ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው ለእሷ የነገርኳት።

መምህር፣ ሽማግሌ ይግባ አልክ። እኛ ቤት ሽማግሌ ገብቶ ነበር፣ በሌላ ልጅ ጉዳይ። ቤተሰቡ ካሳ ተቀበለ፣ ቡና ተጠጣ፣ ሰውየው በሌላ ደብር ማስተማር ጀመረ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 እና 627 ልጆችን ስለ መድፈር ነው። በእርቅ የሚዘጋ የመሬት ክርክር አይደለም። አሁን አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለ። በእኔ ጊዜ አልነበረም። አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ እወቁት።

አስተማሪዋ፣ ልጅቷ ስልኳን ለአንቺ መስጠቷ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ የሰጠሁት ሰው መታኝ።

መምህር ነኝ (ሲያትል)

ወንድሜ፣ ያልከውን አንብቤ ቃል አጣሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ። ስለ ሐሜት ያልኩትን አሁንም አምንበታለሁ፣ ሽማግሌ ያጣራ ያልኩትን ግን አንስቻለሁ። የለንደኗ የጻፈችውን ደንብ ለደብራችን አቀርባለሁ። ሁለት አዋቂ ካለ እኔም ከሐሜት እድናለሁ።

ሶሻል ወርከሯ (ቨርጂኒያ)

መምህር፣ ለደብርህ ስታቀርብ የባልቲሞርንም ጨምርበት። እዚሁ ጎረቤታችን ሜሪላንድ የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ስለ ባልቲሞር የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በኤፕሪል 2023 ያወጣው ሪፖርት 156 ሰዎችን ዘርዝሮ ነበር፣ ተጎጂዎቹ ከ600 በላይ ናቸው። በዚያው ዓመት የሜሪላንድ ሕግ ተሻሽሎ ልጅ ሆነው የተጠቁ ሰዎች ለሚያቀርቡት የካሳ ክስ የነበረው የጊዜ ገደብ ተነሳ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሀገረ ስብከቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የደብሩን ስም ላድን ያለ ሰብሳቢ ይሄን ያንብብ።

የቤዝመንቷ አስተማሪ (ሰሜን ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል አናገሩኝ፣ እንደፈራሁት አልነበረም። ያነሳችው ሴት ረጋ ያለች ነበረች፣ ቁጥር ሰጠችኝ። ለእናትየዋም ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ መኪናዬ ውስጥ ነገርኳት። ልክ እንደተባለው መጀመሪያ በስልኩ ተናደደች። ከዚያ ብዙ ዝም አለች። «በየሳምንቱ በሩ ላይ ሻይ እሰጠው ነበር» አለች።

ሰብሳቢው ተቆጥቷል። ቅዳሜ ስብሰባ ተጠርቷል፣ እኔም ልቅረብ ተብያለሁ። የበገናው ክፍል እስከዚያው ተዘግቷል፣ ልጆቹ ለምን እንደሆነ እየጠየቁ ነው። ምን ልበላቸው?

ሶሻል ወርከሯ (ቨርጂኒያ)

ለልጆቹ «ለጊዜው ቆሟል፣ በእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ካለ ንገሩን» በቂ ነው። ስም አትጥሪ። ስብሰባው ላይ ልጅቷን ማንም በስም እንዳያነሳ ከመግባትሽ በፊት አስታውቂ። መልእክቶቹን «እስቲ እንያቸው» ካሉሽ አታሳያቸው፣ ፖሊስ ጋ ብቻ ይሂዱ። እናትየዋ ደግሞ ከልጅቷ ስልክ ምንም እንዳታጠፋ። ብሎክም ከማድረጓ በፊት መርማሪውን ትጠይቅ።