ከእስር የወጣ ሰው ሼድ ይሰጠው ወይስ ወረፋውን ይጠብቅ?

የሙጋዱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈራችን ስብሰባ ላይ የተነሳውን እዚህም እንከራከርበት። ሰባት ዓመት ታስሮ የወጣ ጎረቤታችን ሼድ፣ ያው መንግሥት ለተደራጁ የሚሰጠው የመሥሪያ ቦታ፣ ይሰጠው ተባለ፣ ገሚሱ ደገፈ፣ ገሚሱ ጮኸ። እኔ ይሰጠው ባይ ነኝ። እስር ቤት የእንጨት ሥራ ተምሯል። የሠራውን ወንበር አይቼዋለሁ፣ ገበያ ላይ ካለው አያንስም። ግን መላጊያ የለው፣ ቦታ የለው። ምን ያድርግ?

ሥራ ፈላጊ ከኮምቦልቻ፦ እኔስ ምን ላድርግ? ተመርቄ ሦስት ዓመቴ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ እዚህ ከተማ ሥራ የሚያጣ ሰው የሚኖር አይመስልም ነበር። ተደራጁ ተባልን፣ ተደራጀን፣ ሼድ ጠብቁ ተባልን፣ ይኸው እየጠበቅን ነው። ቅድሚያ ለማግኘት መጀመሪያ ሰው መፈንከት አለብኝ?

የሙጋዱ፦ ቅድሚያ ማን አለ? ወረፋ ውስጥ ይግባ ነው ያልኩት።

ሥራ ፈላጊ ከኮምቦልቻ፦ ወደ ላይ መለስ በልና የጻፍከውን አንብብ።

አናጢው፦ ኧረ ተረጋጉ። እኔ እዚሁ ደሴ አራዳ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፣ ከእስር የወጡ ሁለት ሰዎች ቀጥሬ አውቃለሁ። አንደኛው የደንበኛ ቀብድ ይዞብኝ ጠፋ፣ ስለዚህ ሁሉም መልአክ ናቸው አልላችሁም። ሁለተኛው እስካሁን አብሮኝ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ሽንት ቤት ለመሄድ ያስፈቅደኝ ነበር፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። ለእሱ የከበደው ሼድ አልነበረም፣ ተያዥ ነው። ዘበኛ ልሁን ቢል ተያዥ፣ ሹፌር ልሁን ቢል ተያዥ። የገዛ ወንድሙ እንኳ አልፈርምም አለው።

ጠበቃ ነኝ፦ ቀጣሪ የሚጠይቀውን የወንጀል ማጣሪያ አሻራም ጨምርበት። አብዛኛው ሰው ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ፣ ጠባዩ ታይቶ በአመክሮ ይወጣል። መዝገቡ ግን አብሮት ነው። ፍርድ ቤት «መሰየም» የሚባል ነገር አለ፣ ጥፋቱ ከመዝገብ እንዲሰረዝ የሚጠየቅበት። ጽኑ እስራት ከሆነ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ቀላል ከሆነ 2 ዓመት መቆየት አለበት።

አናጢው፦ አምስት ዓመት ምን እየበላ?

የቧንቧ ውሃዋ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለታሰረው ነው። የእኔ ወንድም ተገድሏል። ገዳዩ ጨርሶ ወጣ፣ ሕግ ነው እሺ። ሽማግሌ ሳይልክ፣ በእርቅ ደም ሳይደርቅ፣ ቅሬ (እድር) ላይ መጥቶ ከሰው እኩል ተቀመጠ። እናቴ የያዘችውን የቡና ስኒ ሳትጠጣው መሬት አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ አትሄድም፣ እሱ ይመጣል ብላ። ማነው ከሰፈሩ የወጣው እንግዲህ?

የሙጋዱ፦ እህቴ፣ አላህ ያጥናችሁ። አሁን ሽማግሌ ቢላክስ?

የቧንቧ ውሃዋ፦ ካሳውስ? ሥራ የለውም ስትሉ አልነበር?

አናጢው፦ እሱን እኔም አላሰብኩትም። እየሠራ በየወሩ ቢከፍል፣ ሽማግሌዎቹ ተያዥ ሆነው?

ሥራ ፈላጊ ከኮምቦልቻ፦ ይሄኛው እንኳ ያስኬዳል። ለሼዱ ግን አሁንም ወረፋ አለ።

የቧንቧ ውሃዋ፦ ሽማግሌ ይምጣና እናቴን ይጠይቅ። የምትወስነው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።