ሕመም ያለበት ሰልጣኝ ከኦሪየንቲሪንግ ልምምድ ይታገድ ወይስ አይታገድ? (ክርክር)

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ ከጦሳ ተራራ ተዳፋት፣ በኮምቦልቻ ደግሞ ከቦርከና ወንዝ ግራና ቀኝ ኦሪየንቲሪንግ የሚለማመዱ ወጣቶች አሉን። ለማያውቁት ለመግለጽ ያህል፣ ሯጩ በካርታና በኮምፓስ እየተመራ በየቦታው የተተከሉትን ነጭና ብርቱካናማ ምልክቶች በቅደም ተከተል ፈልጎ፣ ከሌሎች ቀድሞ ለመጨረስ የሚሽቀዳደምበት ስፖርት ነው። መንገዱን የሚመርጠውም ሯጩ ራሱ ነው። ከአሰልጣኞች የቀረበው ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ ማንኛውም ሕመም ያለበት ሰልጣኝ፣ ሕመሙ የሰሞኑም ይሁን የቆየ፣ የሐኪም ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ ከልምምድ ይታገድ። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አቅርቡ፤ ከጉዳዩ የሚወጣ አስተያየት አይስተናገድም።

አሰልጣኝ (ደሴ)፦
ሐሳቡን ካቀረብነው አንዱ ስለሆንኩ መነሻችንን ላስረዳ። ይህ ስፖርት ሥር የሰደደው በስካንዲኔቪያ አገሮች ነው፤ በሕመም ላይ ሆኖ መሮጥ የሚያስከትለውን መዘዝ በመራራ መንገድ ያዩትም እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት 16 ወጣት የስዊድን ኦሪየንቲሪንግ ሯጮች፣ 15 ወንዶችና 1 ሴት፣ ልባቸው በድንገት ቆሞ ሞተዋል። ሟቾቹ ዳገት የማይበግራቸው፣ በስፖርቱ የሠለጠኑ ወጣቶች ነበሩ። አስከሬናቸው ሲመረመር በብዙዎቹ ላይ የልብ ጡንቻ ብግነት ተገኘ። የአገሪቱ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ ላይ ከፍተኛ ውድድሮችን ለግማሽ ዓመት ያህል አቁሞ፣ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው እንዳይለማመድ በጥብቅ መከረ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት 3 ዓመት ተኩል ውስጥ ከወጣት ሯጮቹ መካከል እንዲህ ያለ ሞት አልደረሰም።

ወደ እኛ ስንመጣ ልጆቻችን የሚሉት ይታወቃል። አንዱ «ላብ ሲወጣኝ ይለቀኛል» ይላል፤ ሌላው በራስ ምታት ከልምምድ መቅረትን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። በዚያ ላይ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ልጅ ጤነኛ ሆኖ እንኳ በመጀመሪያው ዳገት ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ትኩሳት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። አንድ ወረቀት መጠየቅ በዚህ ሁሉ ፊት የበዛ ነገር አይመስለኝም።

ተማሪ (ኮምቦልቻ)፦
ጋሼ፣ የጠቀሱት ታሪክ እውነት ነው፤ ያቀረቡት ደንብ ግን ከታሪኩ አይከተልም። በስዊድን የተመከረው ኢንፌክሽን ላይ ያለ ሰው እንዲያርፍ ነው። የእናንተ ደንብ «የቆየ» የምትል አንዲት ቃል ጨምሮ እኔን ከዚያው ውስጥ ያስገባኛል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ኢንሱሊን የምወጋ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። የኔ ሕመም እስከ ሐሙስ የሚለቅ አይደለም፤ ስለዚህ «እስኪሻልህ ታገሥ» መባል ለኔ ጨርሶ ተው ከመባል አይለይም። የሚከታተለኝ ሐኪም በበኩሉ እንቅስቃሴ እንዳላቋርጥ ነው የሚመክረኝ።

አደጋ የለውም አልልም። ስሮጥ የደሜ ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥና ላብ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው ይባላል፤ ዳገት ላይ ያለ ሯጭ ግን ያላበው ከዳገቱ ይሁን ከስኳሩ በምን ይለያል? ይህ ስፖርት ግን ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፤ እርሱም ካርታው ነው። ስኳሬ ሲወርድ ከእግሬ በፊት የሚደክመው ጭንቅላቴ ነው፤ የከፍታ መስመሮቹን እያየሁ ጉብታውን ከሸለቆው መለየት ያቅተኛል፤ ኮምፓሱን አይቼ ወዲያው አቅጣጫው ይጠፋኛል። ያን ጊዜ «ይህን ምልክት አግኝቼ ልረፍ» አልልም፤ እዚያው ቆሜ የያዝኩትን ስኳር ወይም ቴምር እበላለሁ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቄ እለካለሁ፣ ካልተስተካከለ እደግማለሁ። ሩጫው ካለቀ ከብዙ ሰዓት በኋላም፣ ሌሊት እንቅልፍ ላይ ሳለሁ እንኳ፣ ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል የማታ እራቴንና መርፌዬን በዚያው ልክ አስተካክላለሁ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰልጣኝ አሰልጣኙ ከእጁ ወረቀት ስላየ የበለጠ ደኅና አይሆንም። ይልቁንስ ወረቀት ካልተገኘ እንደሚታገድ የሚያውቅ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ቴምር ለምን እንደሆነም ለጓደኞቹ አይነግርም። የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ልጅ ነው።

ነርስ (ደሴ)፦
ሁለታችሁም ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተናገራችሁ ስለሆነ፣ ደንቡም ለሁለት ቢከፈል ክርክሩ ግማሹ የሚያልቅ ይመስለኛል።

ትኩሳትን በተመለከተ ድርድር የለኝም። የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የልብ ምት በደቂቃ በ10 ገደማ ይጨምራል፤ ሰውየው ቁጭ ብሎም ልቡ እየሠራች ነው ማለት ነው። ቫይረስ የልብ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ከባድ እንቅስቃሴ ጉዳቱን እንደሚያባብሰው በአይጦች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ታይቷል። አፍንጫው ብቻ የሚፈስ፣ ትኩሳትም የሰውነት ቁርጥማትም የሌለው ሰው ቀለል አድርጎ ቢንቀሳቀስ ብዙም አይጎዳም። ትኩሳት፣ ከደረት የሚመጣ ሳል፣ የጡንቻ ሕመም ወይም ተቅማጥ ያለበት ግን ይቅር፤ «ቀስ ብዬ ነው የምሮጠው» ብሎም አይውጣ፤ ጦሳ ላይ ቀስ ብሎ የሚሮጥበት ቦታ የት አለና! ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ የልብ ምቱን የመቁጠር ልማድ ያለው ሰልጣኝ፣ ምቱ ከወትሮው በጉልህ ጨምሮ ካገኘው ትኩሳቱ ከመታወቁ በፊት ፍንጭ ያገኛል። የልብ ጡንቻ ብግነት እንዳለበት በሐኪም የተነገረው ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ከከባድ ስፖርት መራቅ እንዳለበት የልብ ሐኪሞች ይመክራሉ።

እዚህ አካባቢ የማየውን ሁለት ነገር ልጨምር። ወባ ከ2,000 ሜትር በላይ በአብዛኛው ስለማይተላለፍ የደሴ ልጅ «እኛ ጋ ወባ የለም» ብሎ ይዘናጋል፤ ይሁን እንጂ ወደ ቆላው ወርዶ ተመልሶ ከሆነ ይዞት ሊመጣ ይችላል። የወባ መድኃኒት የሆነው ኮአርተም የሚወሰደው ለ3 ቀን፣ 6 ጊዜ ነው፤ ትኩሳቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ይተዋል። በሁለተኛው ቀን «ለቀቀኝ» ብሎ መድኃኒቱን አቋርጦ ጫማውን የሚያስር ወጣት ከበሽታውም ከሩጫውም አይሆንም።

ሌላው ለታይፎይድ የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው። ይህ መድኃኒትና የቅርብ ዘመዶቹ ጅማትን፣ በተለይም የተረከዝን ጅማት፣ ሊያቆስሉ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሱ እንደሚችሉ ይታወቃል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ የሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲሰፍር አድርጓል። ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን እየወሰደ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ የሚዘል ልጅ ተረከዙ ላይ ሕመም ከተሰማው ወዲያው ቆሞ ላዘዘለት ሐኪም ይንገር። ይህን የሚነግራቸው ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

የቆየ ሕመምን በተመለከተ ከተማሪው ጋር እስማማለሁ፤ አንዱን ግን ለይቼ አወጣለሁ። በልጅነቱ ቶንሲል በተደጋጋሚ ታሞ፣ በኋላም መገጣጠሚያው ያበጠ፣ ወይም በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ ልጅ የልቡ በሮች (ቫልቮች) በሩማቲክ በሽታ ተጎድተው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ የልብ አልትራሳውንድ ሳይነሣ ወደ ዳገት መስደድ አይገባም። ለእርሱ ወረቀቱ ይጠየቅ።

እናት (ሰኞ ገበያ)፦
እኔ የምጨነቀው በሌላ ነው። ልጄ ኳስ ሲጫወት ቢወድቅ ሃያ ሰው ያየዋል። እዚህ ግን ጫካ ውስጥ ብቻውን ነው፤ አሰልጣኙ መነሻው ላይ ቆሞ ሰዓት ይቆጥራል። የሐኪም ወረቀት ቢኖረውስ፣ የወደቀ ዕለት ማን ያገኘዋል? ደንብ የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ ስለዚህ አውጡ።

አሰልጣኝ (ደሴ)፦
እትዬ ያሉት የስፖርቱን ጠባይ በትክክል የነካ ነው። በዚህ ስፖርት የግል ውድድር ሌላውን ተከትሎ መሮጥ በደንብ የተከለከለ ነው፤ ተወዳዳሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በደቂቃዎች ልዩነት ነው፤ ብቸኝነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን የውድድሩ አካል ነው። በልምምድ ላይ ግን ይህን የግድ የሚያደርገን ነገር የለም። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ፊሽካ ይያዝ፤ የመመለሻ ሰዓት ይቆረጥ፤ በሰዓቱ ያልተመለሰ፣ ሁሉንም ምልክት ባያገኝም እንኳ፣ መጨረሻው ላይ መጥቶ ስሙን ሳያስመዘግብ ወደ ቤቱ አይሂድ። ይህ የመጨረሻው ለጤነኞችም የሚሠራ ነው፤ ሰልጣኙ ተናዶ በሌላ መንገድ ታክሲ ይዞ ቤቱ ገብቶ እኛ ግን በጨለማ ጫካ ስንፈልግ የምናድርበት ሁኔታ ሊፈጠር አይገባም። የቆየ ሕመም ያለበት ደግሞ በልምምድ ጊዜ ከጓደኛ ጋር ይውጣ። ከዚህ በቀር ግን ስለ ወረቀቱ ያልኩትን አልተውኩም።

የጂኦግራፊ መምህር (ደሴ)፦
እስካሁን ክርክሩ «ይሩጥ ወይስ አይሩጥ» በሚለው ላይ ብቻ ስለቆመ አንድ ነገር የተዘነጋ ይመስለኛል። የዚህ ስፖርት ግማሹ ሥራ በእግር የሚሠራ አይደለም። ታሞ ያረፈ ሯጭ እግሩ ይዝላል፤ የካርታ ንባቡ ግን የግድ አብሮ አይዝልም።

ለምሳሌ በአገራችን በብዛት የሚገኘው የመንግሥት ካርታ ስኬሉ 1 ለ50,000 ነው፤ በእርሱ ላይ 1 ሴንቲሜትር 500 ሜትር መሬት ሲሆን፣ የከፍታ መስመሮቹም በየ20 ሜትሩ የተሣሉ ናቸው። የኦሪየንቲሪንግ ካርታ ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ለ10,000 ወይም 1 ለ15,000 ሆኖ መስመሮቹ በየ5 ሜትሩ ይሣላሉ፤ የመንግሥቱ ካርታ የማያሳየው ትንሽ ጉብታና ቦይ በዚህ ላይ ይታያል። ከትኩሳት ያገገመ ልጅ አልጋው ላይ ሆኖ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ የጦሳ ሸንተረር በአንዱ ለምን ጠፋ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከአንድ ሳምንት ሩጫ የማያገኘውን ይማርበታል። ሲሻለው ደግሞ በእግሩ እየሄደ፣ ከፒያሳ ተነሥቶ በየቅያሱ ያለውን ደረጃና አጥር እያየ የከተማውን ካርታ መሥራት ይችላል። ለከተማ አጭር ውድድር የሚውለው ካርታ 1 ለ4,000 ስለሆነ አንድ የግቢ በር እንኳ ልዩነት ያመጣል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ይህን መሠረት ያደረገ የውድድር ዓይነት አለ። ተወዳዳሪው በተዘጋጀ መንገድ ላይ እየሄደ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ፣ ከሩቅ ከሚያያቸው ምልክቶች መካከል ካርታው የሚለው የትኛው እንደሆነ ይወስናል፤ የሩጫ ፍጥነት አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና ይካሄድበታል። ስለዚህ «ታግዷል» የሚለው ቃል ከደንቡ ወጥቶ፣ በሕመም ላይ ያለ ሰልጣኝ ወደዚህ ዓይነቱ ልምምድ ይዛወራል ቢባል እመርጣለሁ። ልጁ ከጓደኞቹ ካልተለየ ቶሎ ለመመለስ ብሎ ሕመሙን አይሸሽግም።

አንድ ተሳታፊ (ኮምቦልቻ)፦
ይህ ሁሉ ከሚሆን ሁሉም ስልኩን ይያዝ፤ ያለበት ቦታ በስልኩ ይታያል፤ ነገሩ አለቀ።

ተማሪ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ ስልክ በቦርሳ ታሽጎ ለክፉ ቀን ቢያዝ ማንም አይቃወምም። ነገር ግን በሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ እንደሚችል አንተም የምታውቀው ነው፤ ስኳሩ የወረደበት ሰው ደግሞ የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ሊያስታውስ እንኳ ይቸገራል። ፊሽካና ጓደኛ ይበልጣሉ።

የመምህሩን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ አንድ ስጋት ግን አለኝ። የቆየ ሕመም ያለብን ሁሉ «እናንተ ካርታ አንብቡ» ተብለን ጥግ እንዳንያዝ። ስኳሬ በተስተካከለበት ቀን መሮጥ እችላለሁ፤ መሮጥም እፈልጋለሁ።

አወያይ፦
የተስማማችሁበትን ልመዝግብ። ትኩሳት፣ የደረት ሳል፣ የጡንቻ ሕመም ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰልጣኝ ያለ ምንም ማስረጃ፣ በራሱ ቃል ብቻ ከሩጫ ያርፋል፤ ቦታውም አይነካበትም፤ በዚህ ጊዜ የካርታ ልምምዱን ይቀጥላል። ፊሽካ፣ የመመለሻ ሰዓትና መጨረሻ ላይ መመዝገብ ለሁሉም ግዴታ ይሆናል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ምልክቱ የታየበት ሰልጣኝ ሳይመረመር አይሮጥም። ያልተስማማችሁት ስኳር፣ አስምና የሚጥል በሽታን በመሳሰሉት ላይ ወረቀት ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ በሚለው ነው።

አሰልጣኝ (ደሴ)፦
በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ ፈርሜያለሁ። በመጨረሻው ግን ኃላፊነቱን የሚሸከመው አሰልጣኙ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ቢቀር እንኳ ሰልጣኙ ስለ ሕመሙ፣ ስለሚወስደው መድኃኒትና ቢወድቅ ምን እንደሚደረግለት በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ እጠይቃለሁ።

ተማሪ (ኮምቦልቻ)፦
እርሱን እጽፋለሁ። ጽሑፉ ግን በርስዎ እጅ ብቻ አይቅር፤ አብሮኝ የሚወጣው ጓደኛዬም ያንብበው።

ነርስ (ደሴ)፦
የሚጥል በሽታን ከስኳርና ከአስም ጋር በአንድ አትደምሩት፤ ገደል ባለበት ቦታ ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው። በእርሱ ላይ ለብቻው እንነጋገር።